ዘነቡ ያጠናችው ዓረፍተ ነገር

እንግሊዝኛ ተምሮ ሐኪም የሆነ አለ፣ ፓይለት የሆነ አለ። እንግሊዝኛ ተምራ ኒካህ ያስቀረች ግን እኔ የማውቀው ዘነቡን ብቻ ነው። ሳቁ እንጂ! አምስተኛ ክፍል ሳለሁ ነገሩ የገባኝ እንደዚያ ነበር፤ የጠየቀኝ ሰው ቢኖር ወላሂ ብዬ እምል ነበር።

ዛሬ እኔ ራሴ እዚሁ ዲላ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። መስከረም በመጣ ቁጥር ሰሌዳው ላይ «ናውን» ብዬ ስጽፍ ሳቅም ድንጋጤም አብረው ይመጡብኛል። ልጆቹ «ቲቸር ኢክራ፣ ምን ሆነሽ ነው?» ይሉኛል። ምን ብዬ ልንገራቸው? ይህን ትምህርት ከእኔ ጋር ስለተማረች አንዲት ልብስ አጣቢ ባወራላቸው ማን ያምነኛል? እኔም እስካለፈው ወር ድረስ ግማሹን አላውቀውም ነበር።

አባቴ ዘከርያ ከስልጤ መጥቶ ዲላ የከተመ ነጋዴ ነው። ሱቃችን ዋናው መንገድ ዳር፣ የሞያሌ መኪኖች አቧራቸውን የሚያራግፉበት ላይ ነበር። ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ገመድ፣ የፕላስቲክ ጆግ፤ የማይሸጥበት ነገር አልነበረም። ቤታችን ከሱቁ ጀርባ ስለነበር ያደግነው የሚዛን ድምፅ እየሰማን ነው።

በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የሚያስተምሩን መምህር ጉግሳ ነበሩ። እሳቸው የሚያስተምሩት በጩኸት ነው። «ኤ ናውን ኢዝ ኤ ኔም ኦፍ ኤ ፐርሰን፣ ፕሌስ ኦር ቲንግ!» ሲሉ ክፍሉ በሙሉ ተከትሎ ይጮኻል፣ የመስኮቱ ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል። ምን ማለት ነው ብሎ የጠየቀ ልጅ አልነበረም። እኔማ መድረሳ ቁርኣን እንደምሐፍዘው ስምንቱንም የንግግር ክፍሎች ከላይ እስከ ታች ሸመደድኳቸው። ፈተናው መጣ። ውሻ ሥጋ በላ የሚል ዓረፍተ ነገር ሰጡንና «ናውኑ ላይ አስምሩ» አሉን። እኔ ውሻውም፣ ሥጋውም፣ መብላቱም ላይ አሰመርኩ። ለጥንቃቄ ነጥቡም ላይ አሰመርኩ።

ታላቅ እህቴ ሱራያ ወረቀቱን አይታ ሆዷን ይዛ ሳቀች። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ እስክሪብቶ ከሻሿ ሥር ሻጥ አድርጋ ነው የምትውለው፣ ስታስብ መዛ ታኝከዋለች።

«አንቺ ልጅ፣ ነጥቡ ምን አድርጎሽ ነው? ነይ ወደ ሱቅ!»

መካከል ላይ አቆመችኝ። «ዙሪያሽን እዪ። በጣትሽ ጠቁመሽ ስሙን የምትጠሪው ሁሉ ናውን ነው። ጥሪ!» አለችኝ። ስኳር፣ ሳሙና፣ አባዬ፣ ድመቷ፣ ዲላ እያልኩ ጠራሁ። «አባዬ አሁን ምን እያደረገ ነው?» እየመዘነ። «እሱ ቨርብ ነው። እንዴት እየመዘነ?» ቀስ ብሎ። «እሱ አድቨርብ። ድመቷ የት ናት?» ኬሻው ላይ። በዚህ መሃል አንዲት ገበያተኛ የዘይት ጠርሙስ አመለጣትና «ውይ! ወይኔ ጉዴ!» አለች። ሱራያ በደስታ እጇን አጨበጨበች። «ሰማሽ? ይቺ ኢንተርጄክሽን ናት! ሰው ሲደነግጥ ከአፉ ታመልጣለች፤ ከፊቷም ከኋላዋም ካለው ቃል ጋር አትያያዝም።»

አባባ ዘይቱን በአመድ እየሸፈነ «እናንተ ልጆች ሱቄን ልትበሉት ነው» አለ፤ ግን ይስቅ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱራያ ከመድረሳ ስመለስ ይዛኝ ትቀመጣለች። ሕጓ አንድ ነበር። «ዓረፍተ ነገር ስትሠሪ ማን፣ ምን አደረገ፣ የት፣ እንዴት ለሚሉት መልስ ይኑረው። አንዱ ከጎደለ ሰው አያምንሽም» ትለኝ ነበር። ሰው አመነኝ አላመነኝ ምን አገባኝ እል ነበር፤ የምፈልገው መምህር ጉግሳ እንዲያርሙልኝ ብቻ ነው።

በዚያው ሰሞን ለሱራያ ሽማግሌ ተላከ። የላኩት ፍስሐ ገነት ከተማ ያሉ ቡና ነጋዴዎች ናቸው፤ ድሮ ዲላ ነበሩ፣ በኋላ ነው ወደዚያ የተዛወሩት። ልጃቸው ነዚፍ ይባላል፤ ከሱራያ ብዙም የማይበልጥ፣ ቀጭን፣ ሰው ፊት ጉንጩ የሚቀላ ልጅ ነበር። እናቱን እትዬ ሐያትን አገር ይፈራቸዋል። ሲናገሩ ድምፃቸውን አያነሱም፤ ዝም ብለው ያዩሻል፣ አንቺ ራስሽ ትናዘዣለሽ።

አባባና እማማ በግድግዳው ወዲያ ሲነጋገሩ እሰማ ነበር። «ፈተናውን ትፈተንና ከዚያ ቢሆንስ?» ትላለች እናቴ። «ሰዎቹ አይጠብቁም። ደግሞ ትምህርቱስ ቢቀር? ከተሜ ሆና ነው እንጂ እኩዮቿ ወልደዋል» ይላል አባቴ። እኔ ከዚህ ሁሉ የሰማሁት «ትምህርቱ ይቀራል» የሚለውን ነው። ሠርጉ ትልቅ ስለሆነ የዲላ ትምህርት ቤት ሁሉ የሚዘጋ መሰለኝ። አልጋዬ ላይ ዘለልኩ። አጠገቤ ሱራያ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነበር፤ ተኝታለች ብዬ አሰብኩ። ተኝታ አልነበረም። ከሕፃንነቷ ጀምራ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያን ፈተና መፈተንና ነጭ ጋውን መልበስ። እሱን ሊነጥቋት ነበር፤ እኔ ደግሞ አጠገቧ ተኝቼ አዲስ ጫማዬን እመርጥ ነበር።

አሁን ዘነቡን ላስተዋውቃችሁ። ዘነቡ ልብስ ልታጥብልን የምትመጣ የጌዴኦ ሴት ነበረች፤ ስትመጣ ቆጮ በኮባ ጠቅልላ ይዛልን ነው የምትመጣው። አማርኛን ገበያ ላይ ስለለመደችው ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ትላለች። ሱራያ አራስ ልጅ ሳለች እናታችንን የወፍ በሽታ ጥሏት ይርጋለም ሆስፒታል ተኝታ ነበር። በዚያን ጊዜ ዘነቡ ልጇ ሞቶባት፣ ጡቷ ግን ገና አልደረቀም ነበርና ሱራያን ያጠባቻት እሷ ናት። ይህን ቤታችን ሁሉ ያውቀዋል። ሱራያ «የጡት እናቴ» ትላታለች፤ ኢድ ሲሆን ቀሚስ የምትገዛላት ለእሷ ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ ዘነቡ የነዚፍ አባት የቡና መጋዘን ውስጥ ለቃሚ ነበረች።

አንድ ከሰዓት ከመድረሳ ስመለስ ጓሮ የውሃው ሮቶ አጠገብ ሁለቱን አገኘኋቸው። ሱራያ ቁጢጥ ብላ እየተናገረች ነው፣ ዘነቡ ልብስ እያሸች ነው።

«በእኛ ሃይማኖት አንድ ጡት የጠቡ ልጆች እህትና ወንድም ናቸው። ጋብቻ የለም፣ አለቀ!» አለች ሱራያ። «አንቺ እኔን አጥብተሻል፤ ነዚፍንም አጥብቼዋለሁ ትያቸዋለሽ። ያኔ መጋዘናቸው ውስጥ ትሠሪ አልነበር?»

ሳሙናው ከዘነቡ እጅ አመለጠ። ወዲያው አላነሳችውም። እርጥብ ድንጋዩ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠችና ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች። በጌዴኦኛ የሆነ ነገር ተናገረች። ከዚያ «ማን ነገረህ?» አለች።

«ማንም አልነገረኝም። ከራሴ ነው ያወጣሁት።»

«በእናንተ ሃይማኖት ይሄ በጣም ነውር ነው?»

«ነውር ብቻ? ሐራም ነው እንጂ!»

ዘነቡ እህቴን አየቻት፤ ፊቷን፣ እጇን፣ እንደገና ፊቷን። አረፋው ከክርኗ ላይ ይንጠባጠባል። በመጨረሻ «እሺ። አስጠናኝ» አለች።

እኔ ሮቶው ጀርባ ቆሜ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት «አስጠናኝ» የሚለውን ነው። የገባኝ እንዲህ ነበር፤ ሱራያ እኔን አስተምራ ስትጨርስ ለዘነቡም እንግሊዝኛ ልትጀምርላት ነው። ነዚፍ ነዚፍ ማለት ደግሞ የዚያን ሰሞን የቤታችን አመል ነበር፤ ለምሳሌ የተነሳ ስም እንጂ ሌላ አልመሰለኝም። የዘነቡ ድንጋጤም አልገረመኝም። በዚያ ዕድሜ ናውንና ቨርብ ተማሪ ብትባል ማን አይደነግጥ? እኔ በልጅነቴ አይደል ነጥብ ላይ ያሰመርኩት?

ከዚያ በኋላ ልብስ በታጠበ ቁጥር ትምህርት ነው። እኔ ልብስ ላሰጣ እያልኩ እሄድና እሰማለሁ።

«ማን?» ትላለች ሱራያ።

«እኔ፣ ዘነቡ።»

«ምን አደረግሽ?»

«አጠባሁት።»

«ማንን?»

«ነዚፍን። ከዛ አንተን።»

«የት? ቤታቸው፣ ሳሎን ውስጥ በያ!»

«አይደለም» ትላለች ዘነቡ ግትር ብላ። «መጋዘኑ ጓሮ። ኬሻ የሚሰፋበት ጠባብ ክፍል አለ፣ እዛ ውስጥ።»

«ኧረ ጎበዝ! እሱ ይሻላል፣ እሱ ያሳምናል። መቼ?»

«ክረምት ነው። እናቱ ጡቱ ቆስሎ ነበር።»

«ቆስሎ! በጣም ጥሩ! እንዴት አጠባሽው? ሼኹ ይጠይቁሻል፤ አንድ ጉርሻ ከሆነ አይቆጠርም።»

እዚህ ላይ ዘነቡ ሁልጊዜ ዝም ትላለች። ሱራያ «እስኪጠግብ» ብላ ታቀብላታለች፤ ዘነቡ ቀና ብላ ሳታይ ትደግመዋለች።

እንዴት ያለች መጥፎ ተማሪ ናት እል ነበር! አስተማሪዋ የሰጠቻትን ትታ የራሷን ታመጣለች፣ አድቨርቡ ላይ ሲደርስ ደግሞ ምላሷ ይታሰራል። መምህር ጉግሳ ቢሆኑ በኩርኩም ነበር። አዘንኩላትና እኔም ላግዛት ጀመርኩ። በር ላይ ሳገኛት «እትዬ ዘነቡ፣ እንዴት?» እላታለሁ በሹክሹክታ። «አንተ ደግሞ! ዝም በል!» ብላ በእርጥብ እጇ አፌን ትይዘኛለች። 

የኒካሁ ቀን የሚቆረጥበት እሑድ ደረሰ። ወንዶቹ ሳሎን፣ ሴቶቹ ከመጋረጃው ወዲህ በእኛ ክፍል ተቀመጡ። እትዬ ሐያት ወርቃቸውን አድርገው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው ሱራያ አንገቷን ደፍታለች፣ ከሱራያ ጉልበት ሥር እኔ። በመጋረጃው ቀዳዳ ነዚፍ ይታየኛል፤ አዲሱ ኮቱ ትከሻው ላይ ሰፍቶበት ቴምር በጣቱ ያንከባልላል። ሼኽ ሚክዳድ ዱዓ አድርገው «እንግዲህ አላህ ካለ ቀኑን እንቁረጥ» አሉ።

ያኔ ዘነቡ የእጅ ማስታጠቢያውን ይዛ ገባች። አላስታጠበችም። መሃል ላይ ማስታጠቢያውን አስቀመጠችና ቆመች።

«ይቅርታ ሼኽ። ይሄ ልጅ ይሄን ልጅ ማግባት አይችልም። እኔ ዘነቡ፣ ነዚፍን አጠባሁት። ከዛ ሱራያን አጠባሁት። የነዚፍ፣ መጋዘኑ ጓሮ፣ ኬሻ የሚሰፋበት ክፍል ውስጥ ነው። ክረምት ነበር።»

እኔ ክው አልኩ! ሌላው ሰው ስለ ኒካሁ ነው የደነገጠው፤ እኔ ግን የደነገጥኩት ዘነቡ የቤት ሥራዋን እንግዳ ፊት ስትወጣ ነው። ምን ነካት? ተማርኩ ብላ ትልቅ ሰው ፊት ታሳያለች? ሳሎኑ በኢንተርጄክሽን ተሞላ። «አስተግፊሩላህ!» «ላ ኢላሃ ኢለላህ!» «ኧረ ምን ጉድ ነው!» የነዚፍ አባት ይንተባተባሉ። እናቴ አፏን በነጠላዋ ይዛለች። ነዚፍ ቴምሩ ከእጁ ወደቀበት፣ ተንከባሎ አባባ እግር ሥር ገባ፤ አባባ አላየውም።

ሼኽ ሚክዳድ እጃቸውን አነሱና ሁሉም ዝም አለ። «እናቴ፣ ይህ የቀልድ ነገር አይደለም። ስንት ጊዜ አጠባሽው? እንዴት?»

ዘነቡ አፏን ከፈተች። ከዚያ ወደ መጋረጃው፣ ወደ እኛ ዞረች። ማንን እንደምታይ አልገባኝም፤ ብቻ አየችና ቃል አጣች። ዝም።   ረሳችው! እንደለመደችው አድቨርቡ ላይ ሲደርስ ረሳችው!

«እስኪጠግብ!» ብዬ ጮህኩ። «እትዬ ዘነቡ፣ እስኪጠግብ ነው!»

ሱራያ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ ወላሂ ጥፍሯ አጥንቴ ጋ ደረሰ። አባባ መጋረጃውን በአንድ እጁ ገለጠው። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ኢክራ፣ አንቺ ይህን በምን አወቅሽ?»

«ስታጠና…» አልኩ። ይኼኔ ሱራያ ትንፋሽ አልነበራትም። ሕይወቷ ከእኔ ምላስ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ እኔ ደግሞ ጎበዝ ተማሪ ልባል ነው የምቸኩለው። «ስታጠና ሰምቼ…»

«በቃ!»

እትዬ ሐያት ናቸው። ድምፃቸውን ሲያነሱ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ተነስተው ቆመዋል፤ ከንፈራቸው ደም የለውም። «ሕፃን አትመርምሩ። ኒካሁ ቀርቷል። ነዚፍ፣ ተነስ!» አሉ። ባላቸው «ኧረ ሴትዮ፣ እንጣራ እንጂ» ቢሏቸው ወደሳቸው ሳያዩ ጫማቸውን አጠለቁ። በሩ ጋ ሲደርሱ ከዘነቡ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ይመቷታል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አልመቷትም። ስገልጥ ግቢውን አቋርጠው እየሄዱ ነበር፤ እንደዚያ ሲያጎነብሱ አይቼ አላውቅም። ልብስ አጣቢ አዋርዳቸው ተናደው ነው የመሰለኝ።

ሱራያን ስፈልግ ዕቃ ክፍል ውስጥ፣ በስኳር ኬሻዎች መሃል አገኘኋት። ሻሿን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ትከሻዋ ይርገፈገፋል። አንገቷን አቀፍኳትና «አታልቅሺ፣ ከነዚፍ የሚሻል ባል ይመጣልሻል» አልኳት። ባሰባት።

እየሳቀች ነበር። ይህንን የነገረችኝ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ የራሷ ሠርግ ዋዜማ፣ እጇ ሂና ተቀብቶ ሳለ ነው። ፈተናውን ተፈትና፣ አልፋ፣ ፋርማሲ አጥንታ ሐዋሳ ሥራ ይዛለች፤ ሊያገባት የመጣውም ወዳ የመረጠችው ሰው ነው። «አንቺ ጅል፣ የምር እንግሊዝኛ የማስተምራት መስሎሽ ነበር?» አለችኝ። ውሸት! ያን የመሰለ ሽማግሌ፣ ሼኽ፣ አባቴ፣ ሁሉም በልብስ አጣቢ ውሸት ተበተኑ! መጀመሪያ ሁለታችንም እስኪያመን ሳቅን። ከዚያ እሷ መሳቋን አቆመች።

«ሰው በሐሰት አስመስክሬያለሁ፣ ኢክራ። ያቺን ሴትዮ ልጇ ፊት አዋረድኳት። ነዚፍስ ምን በደለኝ? ሰኞና ሐሙስ የምጾመው ለምን መሰለሽ?»

እውነቷን ነበር። ሱራያ ዲላ ስትመጣ በማለዳ መጥታ በዚያው ቀን ትመለሳለች፤ ገበያ አትወጣም፣ ልቅሶ አትሄድም። እትዬ ሐያትን እንዳታገኝ ነው። ባለፈው ረመዳን እትዬ ሐያት ሞቱ። ስልክ ደውዬ ስነግራት «ዐፉ በይኝ ሳልላት» አለች። ከዚያ ወዲያ ጾሙን አበዛችው። ባሏ ደውሎ «ይቺን ልጅ ምከሪልኝ፣ ከስታ አለቀች» አለኝ። ምን ብዬ ልምከራት? የበደለችው ሰው መሬት ውስጥ ነው።

ባለፈው ወር ዘነቡ ታማ ሆስፒታል ተኛች። ልቧ ነው። ከትምህርት ቤት ስወጣ ባጃጅ ይዤ እየሄድኩ አስታምማታለሁ። ነርሷ «ልጇ ጠዋት ጠዋት ይመጣል፣ አንቺ ከሰዓት ነሽ» ስትለኝ ከሌላ በሽተኛ ጋር ተምታቶባት ነው አልኩ። ዘነቡ ከዚያ ከሞተባት ሌላ አልወለደችም።

አንድ ቀን ትንሽ ሲሻላት ላስቃት ብዬ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና ጣቴን ቀሰርኩባት።

«እትዬ ዘነቡ! ማን?»

ዓይኗ በራ። «እኔ፣ ዘነቡ።»

«ምን አደረግሽ?»

«አጠባሁት። ነዚፍን፣ ከዛ ሱራያን። መጋዘኑ ጓሮ፣ ኬሻ የሚሰፋበት ክፍል ውስጥ። ክረምት ነው።» አንዱን አልሳተችም።

«አንቺ ውሸታም!» ብዬ ሳቅሁ።

አልሳቀችም። «ውሸቱ የቱ ነው?» አለችኝ።

«እንዴ፣ ሱራያ ያስጠናችሽ ነዋ!»

«ሱራያ ያስጠናው ሳሎን ውስጥ ነበር። እኔ አይደለም አልሁት፣ መጋዘን ነው አልሁት። አንተ ራስህ ሮቶ ጀርባ ቆመህ አልሰማህም?»

እጄ አንሶላው ላይ ቀረ። ያ ሁሉ ልብስ የታጠበበት ጓሮ ፊቴ መጣ፤ ከእጇ ያመለጠው ሳሙና፣ «ማን ነገረህ?» ያለችው። መጥፎ ተማሪ ነበር የመሰለችኝ። መልሱን እየቀየረች አልነበረም፤ እያረመች ነበር!

ቀስ እያለች ነገረችኝ። ሐያት ያኔ ገና ሙሽራ ናት፣ ጡቷ ቆስሎ ልጁ በረሃብ ይጮኻል፤ አማቷ «ልጅ ማጥባት ያቃታት» እንዳትላት ትፈራለች። ነዚፍን በጋቢ ሸፍና ወደ መጋዘን ታመጣዋለች፤ ልጇን የቀበረች አንዲት ለቃሚ አለች፣ ጡቷ እየፈሰሰ ቡና የምትለቅም። ያን ክረምት በሙሉ ነዚፍ ያደገው በእሷ ነው። ሐያት ለማንም እንዳትናገር በሞተው ልጇ አፈር አስማለቻት። በዓመቱ ዘነቡ ወደ እኛ ቤት መጣች፣ ሱራያንም አጠባች፤ ሐያት ይህን አታውቅም። ዘነቡ ደግሞ በእኛ ሃይማኖት ነውር መሆኑን አታውቅም። ሱራያ ሮቶው ሥር ቁጢጥ ብላ «ከራሴ ነው ያወጣሁት» እስካለቻት ቀን ድረስ።

«ታዲያ ለምን እውነት ነው አላልሻትም? ይህን ሁሉ ዓመት! ሱራያ እኮ በጾም አለቀች!»

«በልጄ አፈር ምያለሁ!» አለች ዘነቡ፤ የደከመ ድምፅዋ ከየት እንዳመጣችው እንጃ ከረረ። «ሐያት 'እውነቱን አትናገር' አለኝ። ሱራያ መጣና 'ውሸት ተናገርልኝ' አለኝ። እኔ ውሸቱን ተናገርሁ። መሐላዬን አልበላሁም። ሐያት እስኪሞት ጠበቅሁ። አሁን ሞተ፣ አሁን አንተ ጠየቅህ፣ ነገርሁህ።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እኔን ግን ንጋቱ ዓይኔን አጠፋኝ። እትዬ ሐያት ያን ቀን ተዋርደው አልነበረም የተነሱት፤ የገዛ ሚስጥራቸውን ከነክፍሉ፣ ከነክረምቱ ሰምተው ነው። እኔ «ስታጠና» ብዬ ሁሉን ላፈርስ ስል በጩኸት አፌን የዘጉት ልጃቸውን ከእህቱ ሊያድኑት ነው። ሱራያ የፈጠረችው ውሸት ባይኖር ኖሮ… ያን እሑድ ቀኑን ይቆርጡት ነበር እኮ! ልጆች ወልደው ይሆን ነበር!

በሩ ተከፈተ። የገባው ሰው ሽበት ጣል ጣል አድርጎበታል፤ በአንድ እጁ የአጥሚት ፔርሙዝ ይዟል። «እማ፣ ዛሬ ጠዋት አልተመቸኝም ነበር» አላትና ግንባሯን ሳመ። ከዚያ እኔን አይቶ ጉንጩ ቀላ። በጉንጩ ነው ያወቅሁት።

«አንተ ታውቃለህ?» አልኩት።

«ያን ቀን ነው እናቴ የነገረችኝ፣ ፍስሐ ገነት ሳንደርስ፣ መኪና ውስጥ። አለቀሰች፣ አስማለችኝ» አለ ነዚፍ። «እናቴ በሕይወት እያለች ምን ብዬ ልናገር?»

ደወልኩ። ስልኩ ላይ የተናገርኩትን አላስታውስም፤ «ቶሎ ነይ፣ ውሸት አልነበረም» ሳልል አልቀረሁም። ሱራያ ከሐዋሳ ጋውኗን እንኳ ሳታወልቅ ደረሰች። በሩ ላይ ቆመች። ዘነቡን አየች፣ ፔርሙዙን የያዘውን ሰው አየች፤ ይህን ሁሉ ዘመን የሸሸችውን ሰው። «ውይ!» አለች፣ ሌላ ምንም። ሱቅ ውስጥ ያስተማረችኝ፣ ከፊቱም ከኋላውም የማይያያዘው ቃል።

ነዚፍ ወንበሩን ለቀቀላት። «ነይ፣ እህቴ» አላት።

ተቀምጣ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች፤ በዚህኛውስ ጊዜ አልተሳሳትኩም፣ ለቅሶ ነው። ዘነቡ ቀጭን ጣቷን ሰደደችና እጆቿን ከፊቷ ላይ አነሳች።

«ዝም በል። በል አሁን አንተ በል። ማን?»

«ዘነቡ» አለች ሱራያ።

«ምን አደረገ?»

«አጠባች።»

«ማንን?»

ሱራያ ቀና ብላ ነዚፍን አየችው። «እኔን። እኔንና ወንድሜን።»

«የት?»

«መጋዘኑ ጓሮ… ኬሻ የሚሰፋበት ክፍል። እኔን ደግሞ ቤታችን።»

«እንዴት?»

ሱራያ አፏን ከፈተች፣ ቃሉ አልወጣ አላት።  ዘነቡ ጠበቀቻት፣ ነዚፍም ጠበቃት። እኔ ከአልጋው ግርጌ ሆኜ አላስቻለኝም።

«እስኪጠግቡ!» አልኩ።

የቆነጠጠኝ የለም።